የበሬ ዋጋና የበቆሎ ዋጋ፤ የገበያ ምልክቶች በሌሞ ገበሬ ጓዳ

ድርቅ ሲገባ ዝናብ መጥፋቱን ማንም ሰው ያያል። ይሁን እንጂ የዝናቡ መጥፋት በየቤተሰቡ ማዕድ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስና ጉዳቱ መቼ እንደሚሰማ አስቀድሞ የሚያመለክተው ሰማዩ ብቻ ሳይሆን ገበያውም ጭምር ነው። የእህል፣ የከብትና የጉልበት ዋጋ በየሳምንቱ ተመዝግቦ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ ችግሩ ሥር ከመስደዱ ከወራት በፊት ምልክቱን ያሳያል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

በሀገራችን ይህን የመሰለውን ምልክት በሥርዓት መሰብሰብ የተጀመረው፣ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1960ዎቹ መጨረሻ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ካደራጀ ወዲህ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስምና አደረጃጀት በተደጋጋሚ ቢለዋወጥም፣ የገበያ ዋጋን የመከታተሉ አስፈላጊነት አልተለወጠም። ይህ ጽሑፍ በሌሞ ወረዳና በአጎራባች የሀዲያና የከምባታ ወረዳዎች ያለውን ሁኔታ በምሳሌነት በመውሰድ፣ በጋዜጣና በሬዲዮ የሚነገሩት የኢኮኖሚ አመልካቾች በአንድ ገበሬ ቤተሰብ ገቢና ወጪ ላይ ምን ትርጉም እንዳላቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የሌሞ ገበሬ ጥሪት

ሌሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችውን የሆሳዕና ከተማን ዙሪያውን የሚያዋስን ወረዳ ነው። ገበሬው ስንዴ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ያመርታል፤ በጓሮው እንሰት ይተክላል፤ ጥቂት ከብቶችም ያረባል። አካባቢው በሀገሪቱ የሕዝብ ጥግግት ከሚበዛባቸው የገጠር ሥፍራዎች አንዱ በመሆኑ፣ የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ስለሆነም ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚመገበውን ሁሉ ከራሱ ማሳ አያገኝም። ከፊሉን ይሸጣል፤ ከፊሉንም ይገዛል። በዚህም ምክንያት ገበሬው አምራች ብቻ ሳይሆን ሸማችም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የቤተሰቡ ጥሪት በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በጎተራ ያለው እህል ነው። ይህ በኅዳርና በታኅሣሥ ይገባል፤ ብዙ ሳይቆይም ያልቃል። ሁለተኛው የቁም ከብት ነው። ከብት ሲያስፈልግ የሚሸጥ፣ ሳያስፈልግ ደግሞ የሚያርስ፣ ወተትና ቅቤ የሚሰጥ፣ ፍግ ለእንሰቱ የሚያቀርብ ሀብት ነው። ሦስተኛው እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ ይሁን እንጂ ለአጭር ጊዜ ድርቅ በቀላሉ አይበገርም። ዕድሜው የተለያየ እንሰት በጓሮ በረድፍ ቆሞ ሲታይ፣ ቤተሰቡ ለመጪዎቹ ዓመታት ያስቀመጠው ቁጠባ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

ከዚህ የተነሣ በአካባቢው ከሁሉ በፊት መታየት የሚገባው ምልክት በገበያ ላይ ያለው የቆጮ ብዛት ሳይሆን፣ የሚቆረጠው እንሰት ዕድሜ ነው። የደረሰ እንሰት ተፍቆ ቆጮና ቡላ ቢወጣው ቤተሰቡ የቁጠባውን ፍሬ በላ ማለት ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ተክል መቆረጥ ሲጀምር፣ ወይም ለአሚቾ ተብሎ ያለጊዜው ሲነቀል ግን፣ የወደፊቱ ዓመት ምግብ ከወዲሁ እየተበላ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ዛሬ ባይራብም ከሁለት ዓመት በኋላ መራቡ የማይቀር ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በገባበት ጓሮ ደግሞ ይህ ቁጠባ ከነዋናው ሊጠፋ ይችላል።

የልውውጥ ሚዛን

ገበሬው አንድን ነገር ሸጦ ሌላውን የሚገዛ እንደመሆኑ፣ ለእርሱ ወሳኙ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ለብቻው አይደለም። ወሳኙ የሚሸጠው ዕቃ የሚገዛውን ዕቃ ምን ያህል ያመጣለታል የሚለው ነው። ይህን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የልውውጥ ሚዛን ይሉታል። ስሌቱም ቀላል ነው። የአንድ በሬ ዋጋ ለአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ ሲካፈል፣ በሬው ስንት ኩንታል እንደሚያመጣ ይታወቃል።

ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን ግምት እንውሰድ። በደህና ዓመት አንድ በሬ 20,000 ብር፣ አንድ ኩንታል በቆሎ ደግሞ 2,500 ብር ያወጣል ቢባል፣ በሬው 8 ኩንታል ይገዛል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት መኖ ስለሚያጥርና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከብቱን ለሽያጭ ስለሚያወጣ፣ የበሬው ዋጋ ወደ 15,000 ብር ይወርዳል እንበል። በቆሎው በአንጻሩ ወደ 4,000 ብር ይወጣል። አሁን በሬው የሚገዛው 3 ኩንታል ከ75 ኪሎ ብቻ ነው። የበሬው ዋጋ የቀነሰው በሩብ ብቻ ቢሆንም፣ በሬው የሚያመጣው እህል ከግማሽ በታች ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በጓዳ ሲተረጎም የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል ይታሰባል። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 90 ኪሎ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ሚዛን አንድ በሬ ቤተሰቡን ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ያቆየዋል፤ በሁለተኛው ሚዛን ግን ከአራት ወር ብዙም አያልፍም። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቤተሰቡም ያው ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከገበያ ነው። በዚህ ላይ በሬው የተሸጠበት ቤት ለመጪው መኸር የሚያርስበት ስለማይኖረው፣ ጉዳቱ በአራቱ ወር አያበቃም።

ዋጋ ብቻውን አይናገርም

የእህል ዋጋ መናር ሁልጊዜ የረሃብ ምልክት ነው፣ አለመናሩም ሁልጊዜ የደህንነት ምልክት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ነው። ትውልደ ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በዚያ ረሃብ ጊዜ የሀገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም ነበር፤ በደሴ ገበያ የነበረው የእህል ዋጋም ከወትሮው እጅግ አልራቀም። ሕዝቡ ያለቀው እህል ፈጽሞ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ የራሱ ሰብል ከጠፋና ከብቱ ካለቀ በኋላ እህል የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። የሚገዛ ሰው በሌለበት ገበያ ዋጋ አይወጣም። የዋጋውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ችግር የለም ብሎ ሊዘናጋ ይችላል።

በሀዲያና በከምባታ በ2000 ዓ.ም. የታየው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በዚያ ዓመት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መዝነብ የነበረበት የበልግ ዝናብ ቀረ። በዝቅተኛው ሥፍራ የሚኖረው ሕዝብ የበልጉ ሰብል እስኪደርስ ድረስ የሚሻገርበት ስኳር ድንችም ጠፋ። በዚሁ ጊዜ በዓለም ገበያ የእህልና የነዳጅ ዋጋ በአንድነት ናረ፤ ነዳጅ በበርሜል ወደ 147 ዶላር ደረሰ። በሀገር ውስጥም የዋጋ ንረቱ በዓመቱ መጨረሻ ከ60 በመቶ በላይ ሆነ። የአስቸኳይ እርዳታ ፈላጊው ቁጥር በሰኔ 2000 ዓ.ም. 4.6 ሚሊዮን ሲባል የነበረው፣ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. 6.4 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። በሀዲያና በከምባታ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሕክምናና የማገገሚያ ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ይህ ችግር ከሩቅ ለመጣ ተመልካች በቀላሉ የሚታይ አልነበረም። ዘግይቶ በመጣው ዝናብ ሜዳው ለምልሞ፣ በቆሎው ቆሞ፣ እንሰቱም በየጓሮው አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ነበር። አረንጓዴ ረሃብ የሚለው አጠራር የተለመደውም ከዚህ የተነሣ ነው። በማሳ ላይ ያለው ሰብል ለመድረስ ወራት ሲቀሩት፣ ቤተሰቡ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ የሚገዛውም እህል ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነበር። እንሰት ሆድ የሚሞላና ጉልበት የሚሰጥ ቢሆንም ገንቢ ንጥረ ነገሩ አነስተኛ ነው፤ ስለሆነም ከወተት፣ ከባቄላና ከጎመን ጋር ካልተመገቡት ሕፃናትን አይጠብቅም። ባቄላ ሲወደድና ላሚቱ ስትሸጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሕፃኑ መሆኑ በዚያ ዓመት በግልጽ ታይቷል።

ደመወዝና እህል

የ2000 ዓ.ም. ልምድ ሌላም ትምህርት ትቶ አልፏል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ምግባቸውን ዓመት ከዓመት መሸፈን ለማይችሉ ቤተሰቦች በሥራ ምትክ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጥ ነበር። የቀን ክፍያው 6 ብር ሆኖ የተወሰነው ሦስት ኪሎ ያህል እህል ይገዛል በሚል መነሻ ነበር። በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ስለሚታሰብ፣ ስድስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 180 ብር ያገኛል። እህሉ በኪሎ 2 ብር ሲሸጥ ይህ ገንዘብ 90 ኪሎ ይገዛል፤ ማለትም ቤተሰቡን ለወሩ ያደርሳል።

በ2000 ዓ.ም. የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ። በወር 240 ብር መሆኑ ነው። የእህሉ ዋጋ በኪሎ 5 ብር ቢደርስ ግን ይህ ገንዘብ የሚገዛው 48 ኪሎ ብቻ ነው። ክፍያው በሦስተኛ እጅ ጨምሮ ሳለ፣ ወደ ቤት የሚገባው እህል ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያ ወቅት በርካታ ተጠቃሚዎች ከገንዘብ ይልቅ እህል እንዲሰጣቸው መምረጣቸው የሚያስገርም አይደለም። ገንዘብ ገበያን ያነቃቃል፤ ለተረጂውም የመምረጥ ነጻነት ይሰጣል። ዋጋ በሚናርበት ጊዜ ግን የንረቱ ሸክም በሙሉ በተረጂው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ክፍያው በየጊዜው ከአካባቢው የእህል ዋጋ ጋር ካልተመዛዘነ፣ በወረቀት ላይ ያለው እርዳታና በድስት ውስጥ የሚገባው እርዳታ ይለያያሉ።

የመቶኛው ትርጉም

የዋጋ ንረት በመቶኛ ሲነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከገበያ በሚሰበስበው ዋጋ የሚያሰላው መቶኛ፣ አንድ ቤተሰብ የሚሸምተው የዕቃ ቅርጫት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በምን ያህል እንደተወደደ ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ከ30 በመቶ በላይ የነበረ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ይህ ማለት ግን ዕቃ ረከሰ ማለት አይደለም። የመወደዱ ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

100 ብር ያወጣ የነበረ ቅርጫት በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ ቅርጫቱ ወደ 115 ብር አይመለስም፤ 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ገቢው ከ100 ብር ወደ 120 ብር ያደገለት ሰው፣ ገቢው ጨመረ ቢባልም ከቅርጫቱ ወደ 30 ብር ገደማ ይጎድልበታል።

ሁለተኛው ነጥብ የቅርጫቱ ይዘት ነው። በሀገር አቀፉ ስሌት ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ ይይዛል። ይሁን እንጂ የድሀ ገበሬ ቤት ለምግብ የሚያወጣው ከዚህም ይበልጣል። ስለሆነም እህል ከሌላው ዕቃ በበለጠ በሚወደድበት ወር፣ ድሀው የሚሰማው ንረት ከሚነገረው ቁጥር በላይ ነው። በአንጻሩ ትርፍ እህል ያለው ገበሬ በዚያው ወር ይጠቀማል። አንዱ መቶኛ ለሁለት ጎረቤታሞች ሁለት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ምንዛሪ፣ ማዳበሪያና ከውጭ የሚላክ ገንዘብ

የብር ምንዛሪ ጉዳይ የባንክና የነጋዴ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተለወጠ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሌሞ ገበሬ ዶላር አይዝም፤ ነገር ግን ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የምግብ ዘይትና ስንዴውን ወደ ገበያ የሚያመላልሰው መኪና ነዳጅም እንዲሁ ነው። መንግሥት ድጎማ ቢመድብም፣ የምንዛሪው ለውጥ ውሎ አድሮ በገበሬው ወጪ ላይ መታየቱ አይቀርም።

እዚህም ላይ የሚጠቅመው ስሌት የልውውጥ ሚዛን ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል ስንዴ መሸጥ እንዳለበት ዓመት ከዓመት ቢያነጻጽር፣ የስንዴው ዋጋ መጨመር በእርግጥ ጠቅሞት እንደሆነ ወይም ጭማሪው ለማዳበሪያ ብቻ ውሎ እንደሆነ ይገነዘባል።

በሌላ በኩል በሀዲያና በከምባታ ምንዛሪ የሚነካው ሌላ መንገድ አለ። የአካባቢው ሰው ለሥራ መውጣት የቆየ ልማዱ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ ላይ ብዙ የከምባታና የሀዲያ ሠራተኞች ጉልበታቸውን አፍስሰዋል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። የብር ዋጋ ሲወርድ፣ ከዚያ የሚላከው ገንዘብ በብር ሲመነዘር ይበዛል። ልጁ በውጭ ያለ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ በከተማ ቦታ ይገዛል፤ ለበዓል ሠንጋ ይጥላል። የሚልክለት የሌለው ጎረቤቱ ግን በዚያው ገበያ፣ በዚያው ከፍ ባለ ዋጋ ይሸምታል። በተጨማሪም ለጉዞው ወጪ ሲባል መሬት ያስያዘ፣ በሬና ላም የሸጠ፣ ብድር የገባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ልጁ መንገድ ላይ ቢቀር ወይም ሥራ ቢያጣ፣ ቤተሰቡ ያለ ድርቅ በድርቅ እንደተመታ ቤት ይሆናል።

ሰፈራና የቀረው እንሰት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600,000 ያህል ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍሎች ተወስዷል። አብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ የሄደ ቢሆንም፣ በወቅቱ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረው ከከምባታና ሀዲያ አውራጃም በመተከል ወደሚገኘው ወደ ፓዌ የተወሰዱ ነበሩ። በብዙ ሥፍራ ሰፈራው የሕዝቡን ፈቃድ ያልጠየቀ እንደነበርና በዚህም ብዙ ሕይወት እንደጠፋ ዛሬ የታወቀ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ክልሎች 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር የታቀደው ፕሮግራም ደግሞ በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረትና በየክልሉ ውስጥ እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

ከቤተሰብ ሀብት አኳያ ሲታይ፣ ሰፋሪው የሚያገኘው መሬት ብቻ ሳይሆን የሚተወውም ነገር መቆጠር አለበት። ከደጋና ከወይና ደጋ ወደ ቆላ የሄደ ቤተሰብ እንሰቱን ተሸክሞ መሄድ አይችልም። በአዲሱ ሥፍራ እንሰት ቢበቅልለት እንኳ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ድረስ በበቆሎና በማሽላ ላይ ብቻ ስለሚኖር፣ አንድ ክረምት ቢበላሽበት የሚደገፍበት ጓሮ የለውም። ስለሆነም በሰፈራ ጣቢያ ያለ ቤተሰብ ከነባር ቀዬው ይልቅ ለእህል ዋጋ መዋዠቅ የተጋለጠ ነው። ሬሽን የሚቋረጥበት ቀን ሲወሰን ይህ መታሰብ ይኖርበታል።

ምን መደረግ አለበት?

የእህል ዋጋ በሌሞም እንደሌላው ሥፍራ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝቅ ይላል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከፍ ይላል። ገበሬው ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሲል እህሉን በታኅሣሥ በርካሽ ሸጦ፣ በሐምሌ በውድ ይገዛል። የዕዳ መክፈያው ጊዜ በጥቂት ወራት ቢራዘም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም እህሉን ተቀብለው ቢያቆዩለት፣ በመካከል ያለው ልዩነት በቤቱ ይቀርለታል። በቤት ለሚያስቀምጠው እህል አየር የማያስገባ ከረጢት መጠቀም ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ነቀዝ የበላው እህል ዋጋ እስኪወጣ መጠበቁ ትርፍ የለውምና።

ከብት የሚሸጥ ቤተሰብም ቢሆን መኖ ሳያልቅና ሁሉም ሰው ለሽያጭ ሳይወጣ፣ ከሚያርሰው በሬና ከምትታለበው ላም በፊት ሌላውን ቢሸጥ ይመረጣል። እናቶች ቅቤ በየተራ የሚያጠራቅሙበት፣ አባወራዎችም ለመስቀል ሠንጋ የሚቆጥቡበት የአካባቢው ልማድ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን እህል ለማስቀመጥም ሊውል የሚችል የተፈተነ ዘዴ ነው።

ከወረዳና ከቀበሌ ሠራተኞች የሚጠበቀው ደግሞ ዋጋን ብቻ መዝግቦ መላክ አይደለም። የበሬውን ዋጋ ከበቆሎው፣ የቀን ሠራተኛውን ክፍያ ከእህሉ፣ የስንዴውን ዋጋ ከማዳበሪያው ጋር አመዛዝኖ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለገበያ የቀረበው ከብት የሚያርስ በሬና የምታጠባ ላም መሆን አለመሆኑ፣ የተቆረጠው እንሰት ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከሰል ለመሸጥ የወጣው ሰው ከወትሮው መብዛት አለመብዛቱ በሪፖርቱ መካተት አለበት። ወረዳውን ከመንገድ ላይ ሆኖ በመኪና መስኮት የሚያይ ሰው አረንጓዴ ጓሮ ብቻ ያያል። በ2000 ዓ.ም. ሕፃናት ወደ ማገገሚያ ጣቢያ መምጣት በጀመሩ ጊዜ ገበያው አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በሚመጣው ጊዜ የሚያስፈልገው፣ ገበያው ሲናገር የሚሰማና በወቅቱ የሚያስታውቅ ሰው በየቦታው መገኘቱ ነው።